የጳጳሱ መዳብ በግሪኩ ዳቦ ቤት

ባሌ ልብስ ሰፊ ነበር። ወደ አራዳ የገባሁት እሱን አግብቼ ነው፤ ከዚያ በፊት ከተማውን የማውቀው ለጊዮርጊስ ንግሥ ከእናቴ ጋር ስመጣ ብቻ ነበር። የገባሁበት ግቢ ዶሮ ማነቂያ አፋፉ ላይ ነው፤ አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ከሟች ባለቤታቸው የወረሱት። ጠባብ ነበር፤ አንዱ ቤት ሲያነጥስ ከሌላው ቤት «ይማርህ» ይባላል። እኔና ባሌ ጓሮ በኩል፣ አማቴ መሐል ላይ፣ መንገዱን በሚያየው ክፍል ደግሞ ተከራያችን እንኖር ነበር።

ተከራያችን ጀርመን ናቸው፤ ሰዓት ሠሪ። ያን ጊዜ አራዳ ውስጥ ፈረንጅ ሁሉ «ሙሴ» ነው የሚባለው፤ እኛም ሌላ ስም አልሰጠናቸውም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠጉራቸው ሽበት የጀመረው ሰው ነበሩ። ሚስት የላቸውም፤ ልጅ የላቸውም። አማርኛ ይችላሉ፤ ችግራቸው ወንድና ሴት አለመለየት ነው። ባሌን «አንቺ ደህና አደርሽ» ይሉታል፤ እኔን «አንተ» ይሉኛል። አማቴ ምላሳቸው ስለት ነው፤ «ይሄ ሙሴ ባሕር መክፈል እንጂ ወንድና ሴት መክፈል አይችልም» ብለው ጎረቤቱን ሁሉ አሳቁበት። ሙሴም ሲነገራቸው አብረው ሳቁ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ሙሴ በራቸው ላይ ዱካ አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጭናቸው ላይ የብስኩት ቆርቆሮ አለ፤ ከውስጡ መዳብ ሳንቲም እያወጡ በጨርቅ ይወለውላሉ። መጀመሪያ የእኛ ቤሳ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል ግን ሌላ ነው። ቀጠን ያለ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ብዙ እጅ ያሸው ዓይነት ነገር። ፈቅደውልኝ አንዱን አንስቼ አየሁት። በአንድ ፊቱ እስከ ወገቡ የሚታይ ጺማም ሰው አለ፤ በአንድ እጁ ሰይፍ፣ በሌላው መጽሐፍ ይዟል። በጀርባው እንደ እንጨት የተገተሩ መስመሮች አሉበት፤ ቁጥር መሆኑን በኋላ ነው የነገሩኝ።

«ይሄ ጳውሎስ አይደለም?» አልኳቸው።

የሚወለውሉበት እጃቸው ቆመ። «ማን ነገረህ?»

«ሰይፉ ነዋ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጴጥሮስ ቁልፍ ይይዛል፣ ጳውሎስ ሰይፍ።»

ሙሴ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ከአገራቸው ከወጡ ወዲህ ያን ሳንቲም ለብዙ ሰው አሳይተዋል፤ ሥዕሉ የማን እንደሆነ የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም። ደስ ብሏቸው ቆርቆሮውን ለእኔ አቀበሉኝ፤ አማቴም ከቅዳሴ ነጠላቸውን ሳይፈቱ መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ።

ሙሴ የተወለዱባት ከተማ ድሮ የምትተዳደረው በጳጳስ ነበር። ጳጳሱ ቤተ ክርስቲያኑንም አገሩንም በአንድነት ይገዛል። ሳንቲሞቹ በዚያ ዘመን የተመቱ ናቸው። የሙሴ አባት የጎመን መደብ ሲቆፍሩ ከአፈሩ ጋር እየወጡ ነው የተለቀሙት፤ ሙሴ በልጅነታቸው አጥበው አጠራቀሟቸው፤ በስደታቸውም ከአገር የያዙት ዕቃ እሱና የሰዓት መሣሪያቸው ብቻ ነው።

አማቴ ነገሩ አልዋጥ አላቸው። «ጳጳሱ ወታደር ነበረው?» ብለው ጠየቁ።

«ነበረው» አሉ ሙሴ።

«ወህኒ ቤትስ?»

«ነበረው።»

«ታዲያ ጳጳሱ ራሱ ያሰረውን ሰው ማን ያማልድለታል?»

ሙሴ ራሳቸውን አከኩ። «ይህን አባቴን አልጠየቅሁትም» አሉ። አማቴ ክርክሩን እንደረቱ ሁሉ ነጠላቸውን አደላድለው ተነሡ። ሙሴ ግን መለስ አደረጓቸውና አንድ ነገር ጨመሩ። እነዚህ መዳቦች መጀመሪያ ገበያ ላይ ገንዘብ አልነበሩም አሉ። በትልቁ ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ለሚቆሙት፣ ለዝቅተኞቹ አገልጋዮችና ለድኾች የሚታደሉ ናቸው። የተሰጠው ሰው ወደ ዳቦ ማደያው ይሄድና መዳቡን ሰጥቶ ዳቦውን ይቀበላል። ኋላ ላይ ነው ሕዝቡ ወዶት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ገንዘብ የሆነው።

«ይሄስ ደግ ነው» አሉ አማቴ። «ከወህኒው ይሻላል።»

ነገሩ በዚሁ አለፈ። እኔም ከዚያ በኋላ ስለ መዳቡ አላሰብሁም።

በዚያ ዘመን ፈረንጆቹ አገራቸው ላይ ይዋጉ ነበር። ጦርነቱ ወደ እኛ አልደረሰም፤ አራዳ ውስጥ ባሉት ፈረንጆች መካከል ግን ደርሷል። ሙሴ ሰዓት ከሚሠሩበት ከመንገዱ ዳር ክፍላቸው ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ ግሪክ ዳቦ ቤት ነበረው። በዕድሜ የባሌ እኩያ ነው፤ እጀ ሰፊ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ዱቄት ከቅንድቡ የማይጠፋ። እሱና ሙሴ ወዳጆች ነበሩ፤ ማታ ማታ ሥራቸውን ሲጨርሱ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው ካርታ ይጫወቱ ነበር። ጦርነቱ ሲከር ግሪኮቹ በአንድ ወገን፣ ጀርመኖቹ በሌላ ወገን ሆኑ። የግሪኩ ወንድም እዚያ ሞተ የሚል ወሬ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግሪኩ ሙሴን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሙሴም ዳቦ የሚያስገዙት በእኔ ሆነ። ለሰዓት ሥራም ከጀርመኖች በቀር የሚመጣላቸው ፈረንጅ ጠፋ። አንድም ቀን ግን ስለ ግሪኩ ክፉ ሲናገሩ አልሰማሁም። «ወንድሙ ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያ አደርግ ነበር» ይሉ ነበር።

የኅዳር በሽታ የገባው እንዲህ ባለንበት ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የወደቀው ባሌ ነው። ጠዋት ራሴን አመመኝ ብሎ ከስፌት መኪናው ላይ ተነሣ፤ ከሰዓት በኋላ ሰውነቱ እሳት ሆኖ ይቃዥ ጀመር። በማግሥቱ እኔ ተከተልሁ። አማቴ እኛን ለማስታመም ሲሉ ወገባቸውን አሥረው ተነሥተው ነበር፤ እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ወደቁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ከሌሊት ለይቼ አላውቀውም። የማስታውሰው ጥቂት ነገር ነው፤ ጉሮሮዬ እንደ አሸዋ ሆኖ ውሃ ስመኝ፣ አንድ ትልቅ እጅ አንገቴን ደግፎ ጣሳ ከአፌ ሲያደርስልኝ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል እንፋሎት ፊቴን ሲያጥበኝ።

እጁ የሙሴ ነው። ወንዝ ወርደው ውሃ የሚቀዱት እሳቸው፣ የሚያፈሉት እሳቸው፣ ነጭ ሽንኩርት የሚወቅጡት እሳቸው ናቸው። የባሌን ያደፈ አንሶላ አጥበው ግቢው ውስጥ ሲያሰጡ ያየ ጎረቤት በኋላ ነግሮኛል። የመንደሩ ሰው ሲታመም የሚጠይቀው ሰው ጠፍቶ ነበር፤ ጠያቂውም ታሟልና። ሙሴ በሽታውን ፈርተው በራቸውን ዘግተው ቢቀመጡ ማንም አይወቅሳቸውም። እሳቸው ግን የሦስታችንንም በር ከፍተው ይዞሩብን ነበር።

አማቴ አልተረፉም። እኔ ራሴን ቀና ማድረግ በጀመርሁበት ጠዋት ነው ያረፉት። ባሌ ገና ራሱን አያውቅም ነበር። እኔም ገና መቆም አልችልም ነበር። ሙሴ አንድ የጎረቤት ዘበኛ ለምነው አምጥተው፣ አማቴን በራሳቸው ጋቢ ጠቅልለው በቃሬዛ ወደ ጊዮርጊስ ይዘዋቸው ሄዱ። ቅጥሩ ውስጥ የሚቆፍር ሰው ስለጠፋ ራሳቸው ቆፈሩ። በሕይወት የተገኙ አንድ ካህን ፍትሐቱን አሳጥረው ጸለዩላቸው፤ ሙሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው እስኪያልቅ ቆሙ። ሲመለሱ ልብሳቸው ቀይ አፈር ብቻ ነበር። አጠገቤ ተቀመጡና «እናትህን በደንብ አስቀምጫለሁ። ጥላ ያለው ቦታ ነው» አሉኝ።

ያን ጊዜ ለማልቀስ እንኳ ጉልበት አልነበረኝም። እጃቸውን ያዝሁ። ቆዳው ተልጦ ነበር።

ከአልጋ ስነሣ መንደሩ ሌላ ሆኗል። ወፍጮ አይሰማም፤ ሙቀጫ አይሰማም፤ ገበያ የሚወጣም ሰው የለም። ትኩሳቱ የለቀቃቸው ሰዎች ደግሞ የሚቀምሱት አጥተው በደከመ ሰውነታቸው ይሞቱ ጀመር። እህል ያለው ሰው የሚፈጭለት የለውም፤ የፈጨው የሚጋግርለት የለውም። በአካባቢያችን እሳት የሚነድበት ቤት የግሪኩ ዳቦ ቤት ብቻ ነበር። ግሪኩ አልታመመም፤ ዱቄትም በጆንያ ነበረው። በሩን ግን ፈርቶ ዘግቷል፤ በመስኮት ነው የሚሸጠው። መስኮቱ ሥር ጉልበት ያለው ደካማውን ገፍቶ ይወስዳል። ሴትና ሽማግሌ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ሙሴ ጥቂት ጠገራ ብር ነበራቸው፤ ለወደፊት መሳፈሪያ ብለው ያስቀመጡት። «ለጎረቤቶቻችን እንስጠው» አሉኝ።

«ጠገራ ብር ለተኛ ሰው ምን ያደርግለታል?» አልኋቸው። «ዝርዝር የለ፣ ገበያ የለ። ጉልበተኛ ቢያይበት ደግሞ ይቀማዋል።»

«እኔ ዳቦውን ገዝቼ ላድርስ?»

«ጋቢ ሙሉ ዳቦ ይዘው እታች ሳይደርሱ ያስጥሉዎታል።»

ባሌ ጥግ ላይ ተኝቶ ይሰማናል። እናቱ መሞታቸውን ከሰማ ጀምሮ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም ነበር። በዚያች ሰዓት፣ እንዴት እንደመጣልኝ እንጃ፣ ሙሴ ያን እሑድ ያሉት ነገር ትዝ አለኝ።

«ሙሴ፣ ያ መዳብ በአገርዎ ዳቦ ነበር አላሉም?»

ገባቸው። ሳይመልሱልኝ ተነሥተው ሄደው ቆርቆሮውን ይዘው መጡ። ከግሪኩ ጋር ዋጋውን በጠገራ ብሩ አስቀድሞ መጨረስ ነው፤ መዳቡን በየቤቱ ማደል ነው፤ መዳቡን ይዞ የመጣ ሁሉ ከመስኮቱ ሳይሆን ከጓሮው በር ዳቦውን ይቀበላል። እንዲህ ያለ መዳብ በከተማው ውስጥ ከእኛ በቀር ያለው ሰው የለም፤ ማንም አስመስሎ አያመጣውም። ካቲካላ ልግዛበት የሚል ሰው ቢኖርም የሚቀበለው የለም። ቢቀማም ከዳቦ ሌላ ለምንም አይሆንም። የቀረን አንድ ነገር ነው፤ ግሪኩ ሙሴን አያነጋግርም።

«እኔ እሄዳለሁ» አልሁ።

ግድግዳ እየተደገፍሁ በጓሮ በኩል ሄጄ አንኳኳሁ። ግሪኩ አፉን በጨርቅ እንደሸፈነ በሩን ትንሽ ገርበብ አደረገው። ስለ አማቴ ነፍስ ይማር አለኝ፤ ያውቃቸው ነበር። ያመጣኝን ነገር ስነግረው ግን ፊቱ ጠቆረ።

«ያ ጀርመን ነው የላከሽ?»

«ገንዘቡ የሱ ነው። የመጣሁት ግን ራሴ ነኝ።»

«ወንድሜን የገደሉት እነሱ ናቸው።»

«አውቃለሁ» አልሁት። «እኔንና ባሌን ያስታመመን፣ እማማንም በእጁ የቀበረልን ይሄ ጀርመን ነው። ወንድምህን የገደለ ሌላ ነው።»

አንዱን መዳብ ከመቀነቴ ፈትቼ ሰጠሁት። ወደ ምድጃው ብርሃን አስጠግቶ አገላብጦ አየው፤ በአውራ ጣቱ ዱቄቱን ከላዩ ጠረገ።

«አጊዮስ ፓቭሎስ» አለ በአገሩ ቋንቋ፤ አማተበም። እነሱም እንደኛ ኦርቶዶክስ ናቸው። «ይሄን የሠራው ማን ነው?»

«አንድ የጀርመን ጳጳስ፤ ድሮ። ለድኾች ዳቦ ብሎ ያደለው ነው።»

ከኋላው እሳቱ ይንጣጣል። ከዚያ «ከሱ ጋር አልነጋገርም» አለኝ። «ካንቺ ጋር ነው የምነጋገረው። ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ሳልከፍት በፊት በዚህ በር ይምጡ። ለአንድ መዳብ አንድ ዳቦ።» ደግሞ በሩን ሊዘጋ ሲል «ትልቁን ዳቦ» አለ።

በማግሥቱ መዳቡን በመቀነቴ ቋጥሬ ዶሮ ማነቂያን ከላይ ወደ ታች ወረድሁት። ሁለት ቤት ገብቼ አርፋለሁ፤ ደግሞ እቀጥላለሁ። በየቤቱ የሚሄድበት ሰው መኖሩን እጠይቃለሁ፤ ከሌለ የሻለው ጎረቤት የሁለቱንም ይዞ እንዲሄድ አስማማለሁ። አንዲት አሮጊት መዳቡን እንደ ጠበል መስቀል ተሳልመው ግንባራቸውን አስነኩት፤ ዳቦ ነው ብላቸው «እሱንም እበላለሁ፣ ይሄንንም እሳለማለሁ» አሉኝ። አንድ አባወራ ደግሞ «የፈረንጅ ሃይማኖት ሊያስገቡን ነው» ብሎ ወረወረው፤ ሚስቱ ከአልጋዋ ሳትነሣ እጇን ዘርግታ «አምጪው፤ እሱ አይብላ» አለችኝ። ከታች፣ ወንዙ ላይ ካለው ድልድይ አጠገብ፣ ሁለት ሕፃናት ብቻቸውን የቀሩበት ቤት አገኘሁ። ትልቋ መዳቡን በጥርሷ ነክሳ አየችው። እነሱን ይዤ ወጣሁና ራሴ ዳቦ ቤቱ በር ድረስ አደረስኋቸው።

ነገሩ ሠራ። ጠዋት የተሰጠውን መዳብ ግሪኩ በአንድ ሣህን ያጠራቅመዋል፤ ከሰዓት በኋላ ሄጄ እወስደዋለሁ፤ ወደ መንደሩ ይመለሳል። የተኛው ሲነሣ ራሱ ይሄዳል፤ የተነሣው ለተኛው ያመጣል። ሰዎቹም ስም አወጡለት፤ «የጳጳሱ» ይሉታል። «የጳጳሱ ደርሶሃል?» «የጳጳሱን ይዘሽ ሂጂ» ይባባላሉ። አማቴ ይህን ሰምተው ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሉ እያሰብሁ ብቻዬን ስቄአለሁ፤ ከሞቱ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነው።

ባሌም ተነሣ። አንድ ቀን ከመንደር ስመለስ የስፌት መኪናው ድምፅ ከጓሮ ሰማሁ። ለስፌት ካስቀመጠው የቀረውን አቡጀዲ ጨርቅ ሁሉ አውጥቶ ከፈን ይሰፋል። ለእናቱ ያልደረሰላቸውን ለጎረቤት ሁሉ ሰፋ፤ ከማንም ምንም አልተቀበለም። ቀና ብሎ አየኝና «ውሃ አለ?» አለኝ። ያቺን ቃል ስሰማ ደስ ያለኝን ያህል ከዚያ በፊትም በኋላም ደስ ብሎኝ የሚያውቅ አይመስለኝም።

የሙሴ ጠገራ ብር አለቀ። የመጨረሻዋን የሰጠሁት ቀን ለግሪኩ እውነቱን ነገርሁት፤ «ከነገ ወዲያ ሰዎቹን አልልክብህም» አልሁት።

ምድጃው ውስጥ አካፋውን እየሰደደ ነበር። ሳይዞር «መዳቡ አለቀ?» አለኝ።

«መዳቡስ አለ። ብሩ ነው ያለቀው።»

«እኔ ዳቦ የምሰጠው ለመዳቡ ነው» አለ። «መዳቡ ካለ ይምጡ።»

ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ሐሳቡን እንዳይለውጥ ፈርቼ ሮጥ ብዬ ወጣሁ። ለሙሴ ስነግራቸው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ልብ አላልሁም እንጂ ፊታቸው ቀልቶ ነበር። እንዲያ ሲያስታምሙን ያልነካቸው በሽታ መብረዱ በተነገረበት ሰሞን ያዛቸው።

አሁን ተራው የእኔና የባሌ ሆነ። ሙሴ ግን እንደኛ አልነበሩም፤ ደክመው ነበር የቆዩት። በራሳቸው ቋንቋ ብቻ ያወራሉ። አንድ ቀን መዳቡን ለመውሰድ ስሄድ ግሪኩ ሣህኑን እያቀበለኝ «ምነው ፊትሽ?» አለኝ። «ሙሴ ታመዋል» አልሁት። ወደ ምድጃው ተመለሰ።

በዚያው ቀን ፈረንጆቹ በበሽታው ያዘገዩትን የጦርነታቸውን ማብቂያ በዓል አከበሩ። ከየመንግሥታቱ ሌጋሲዮን ግቢ ደወልና ተኩስ ተሰማ፤ እኛ ለሌላ መዓት መስሎን ደነገጥን። ትንሽ ቆይቶ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ስከፍት ግሪኩ ነው። መደረቢያውን አላወለቀም፤ በአንድ እጁ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ፣ በሌላው የዶሮ መረቅ በድስት ይዟል። ያሸነፉት የሱ ወገኖች ናቸው፤ ሄዶ ከወገኖቹ ጋር ሊጠጣ ይችል ነበር።

«የት ነው?» አለኝ።

አሳየሁት። በሩ ላይ ጥቂት ቆመ። ሙሴ ዓይናቸውን ገልጠው አዩት፤ ያወቁት ግን አልመሰለኝም። ግሪኩ ዱካውን ስቦ አልጋው አጠገብ ተቀመጠና መረቁን በማንኪያ ያጠጣቸው ጀመር። ሙሴ ጥቂት ከዋጡ በኋላ በአማርኛ፣ በቀስታ፣ «ወንድምሽ... አዝኛለሁ» አሉት። ያለ አማርኛ የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም።

ግሪኩ ማንኪያውን ድስቱ ላይ አሳርፎ ወደ መሬት አየ። «አሁን ብላ» አላቸው። «ስትነሣ እናወራለን።»

ያን ሳምንት ግሪኩ ጠዋት በዳቦ ቤቱ፣ ከቀትር በኋላ በሙሴ አልጋ አጠገብ ይውል ነበር። በሽታው ለቀቃቸው። በበትር እየተደገፉ የወጡበት የመጀመሪያ ቀን ወደ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ነው የሄዱት። ባሌ ሊደግፋቸው አብሮ ወጣ፤ ከተመለሰ በኋላ «ምን ተባባሉ?» ብዬ ብጠይቀው «ካርታ ነው የሚጫወቱት፤ ምንም አይናገሩም» አለኝ።

በሽታው ሲያልፍ ከመዳቦቹ ብዙዎቹ ተመለሱ፤ አንዳንዱን እናቶች በልጆቻቸው አንገት ላይ በክር አሥረውት ቀረ። መልሼ ላምጣው ወይ ብዬ ሙሴን ጠየቅኋቸው። «ተወው፤ አንገታቸው ላይ ይሻለዋል» አሉኝ።

ሙሴ ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ዓመት ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል። ኪራይ እንዳይከፍሉ ባሌ አስቸግሯቸው ነበር፤ እሳቸውም እምቢ ብለው አስቸግረውታል። በመጨረሻ እኅታቸው በሕይወት መኖሯን ሰሙና አገራቸው ሊገቡ ተነሡ። መሳፈሪያቸው በኅዳሩ ዳቦ አልቋል። ግሪኩና ባሌ ተነጋግረው ሞሉላቸው፤ መንደሩም የቻለውን ጨመረ። ከለገሃር የሸኘናቸው ሰዎች ብዛት ለባለሥልጣን እንጂ ለሰዓት ሠሪ የሚሆን አይመስልም ነበር። ያቺ ዳቦ ቤት ድረስ ያደረስኋት ልጅ፣ ባሌና እኔ ከወንድሟ ጋር ያሳደግናት፣ ባቡሩ እስኪጠፋ እጇን ስታውለበልብ ቆየች።

ግሪኩ ደግሞ እኔን ሥራ አስተማረኝ። ሊጡ እንዴት እንደሚቦካ፣ ምድጃው መሞቁ በክንድ እንዴት እንደሚታወቅ፣ ፉርኖ ዳቦ መቼ እንደሚወጣ ሁሉ ከሱ ነው የተማርሁት። ስሳሳት ይጮህብኛል፤ ሲሳካልኝ ዝም ይላል። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት በነበሩት ዓመታት በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል የራሴን ትንሽ ምድጃ ተከልሁ። ባሌ አንድ ጠረጴዛ አዘጋጀልኝ፣ የዱቄት መደረቢያም ሰፋልኝ፤ የመጀመሪያውን ጆንያ ዱቄት ግሪኩ ራሱ በጀርባው ተሸክሞ አመጣው። ዋጋውን ብጠይቀው ያልሰማ መስሎ ምድጃዬን ዞሮ ዞሮ አየ፤ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና «ገና ነው፤ ጨምሪበት» አለኝ።

እንጨት ጨመርሁበት። ልጆቼን ያሳደግሁት፣ ያስተማርሁትም በዚያ ምድጃ ነው። ለዚህ ያበቁኝን ሰዎች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ እግዚአብሔር ለሁሉም ይስጥልኝ። ጠዋት ሊጥ ሳቦካ እማማን፣ ሙሴን፣ ግሪኩን በልቤ አነሣለሁ፤ ከዚያ እጄን ታጥቤ ወደ ሥራዬ እገባለሁ።